በሩ ይዞት ነው

ሰኞ 3

ስልጠናው ዛሬ ተጀመረ። ስድስት ነርሶች፣ አንድ ሰሌዳ፣ ግማሹ እግሩ የተንጋደደ ወንበር። ርዕሱን በትልልቁ ጻፍኩ፤ «ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው ቤተሰብ መደገፍ።» ከሥሩ ሦስት ነገር፤ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ መንገድ መልቀቅ፣ እጅ አለማንሳት። በአእምሮ ሕክምና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየች ነርስ ስትናገረው ያምርባታል።

ከስድስቱ ሁለቱን ልብ አልኳቸው። አንዱ ግድግዳው ነው፤ ክፍላችን ውስጥ ታማሚ ሲነሳበት «ጥሩት» የሚባለው እሱ ነው፣ ስሙም የወጣለት ከትከሻው ነው። ሌላዋ ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ቁመቷ ከሰሌዳው ግርጌ ብዙም ስለማያልፍ ከአሁኑ ሚጢጢ ብለዋታል።

ግድግዳው እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ እጅ አለማንሳት ያልሽው ለቤተሰቡ ነው ወይስ እኛንም ይጨምራል?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሚጢጢ ግን ሳትስቅ ጠየቀችኝ፤ «እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከቅርብ ያውቃሉ?»

«ብዙ አውቃለሁ» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ምሳውን አልነካም ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አሁንም አይታጠፉም። ከሦስት ወር በፊት በሩ ይዞት ነው። አናጺ ነበር፤ ሕመሙ በሃያ ሰባት ዓመቱ ከጀመረው በኋላም፣ ደህና በሆነ ሰሞን፣ ግቢ ውስጥ እንጨት ይልግ ነበር። አሁን መላጊያው ዝጓል።

ረቡዕ 5

የማስመሰል ልምምድ። ግድግዳው አባት፣ ሚጢጢ የታመመ ልጅ። አባትየው ቢያባብል ልጁ እምቢ ይላል፤ የተባለው ይህ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ውሃው ተመርዟል» አለች በቀስታ።

«ጠጣ ብያለሁ።»

«ተመርዟል።»

እንዴት እንደሆነ አላየሁም። ሳየው ኮሌታዋን አንቆ ከሰሌዳው ጋር አላትሟታል። ከንፈሯ ተተረተረ።  ግድግዳው እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው፤ ከዚያ «ድራማ እኮ ነው» አለ።

ደሟን በእጅጌዋ ጠረገች። «እንዲህ ያለ አባት ሲገጥመኝ ምን ላድርግ?»

«መንገድ መልቀቅ» አልኩ።

«ጀርባዬ ሰሌዳ ላይ ነው ሲስተር። የቱን መንገድ?»

 ለሻይ እንውጣ አልኩ።

ዓርብ 7

የመጀመሪያው የቤት ጉብኝት። እኔ፣ ሚጢጢ፣ ግድግዳው። የደረሰን የልብስ ሰፊው ቤት ነው።

ፊት ለፊት ሱቁ፤ የስፌት መኪናው፣ የተንጠለጠለ ኮት፣ የጋለ ካውያ። ከኋላ አንድ ክፍል፣ በሩ ላይ በውጭ በኩል ቁልፍ። እዚያ ውስጥ የሃያ አራት ዓመት ልጃቸው አለ። ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው።

ልብስ ሰፊው ወንበር ከማቅረቡ በፊት ክንዱን ገልጦ አሳየን። የጥርስ ምልክት፣ ጠርዙ የመገለ። «ይህን ያደረገው ልጄ ነው። እናንተ ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ልትሉኝ ነው የመጣችሁት።»

ሚስትየዋ ብርጭቆ ልታነሳ ስትንጠራራ እጅጌዋ ሸሸ። ክንዷ ላይ ቀጥ ያለ ሰምበር፤ ስፋቱ ጠረጴዛው ላይ ካለው የእንጨት ሜትር ጋር እኩል። እኔ አየሁ። ሚጢጢም አየች። ሴትየዋ እጅጌዋን መለሰችው።

ልጁ በበሩ ስንጥቅ ተናገረ። «ሲስተር፣ መኪናውን ዝም አስብሉልኝ። ቀኑን ሙሉ ስሜን ይጠራል።»

የምናገረውን ተናገርኩ። ሕመሙ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከድምፆቹ ጋር አትከራከሩ፤ መርፌው ቀኑን አይለፍ፤ የሚወረወርና የሚያቆስል ነገር ከአጠገብ ይራቅ፤ ነገር ሲጋጋል ከቤት ውጡና ለእኛ ደውሉ። ልብስ ሰፊው እንደማይገዛ ደንበኛ ራሱን ነቀነቀ።

«ቁልፉስ?» አለች ሚጢጢ።

«ቁልፉ ለራሱ ደህንነት ነው።»

መንገድ ላይ ሚጢጢ ቁልፉንም ሰምበሩንም ለክፍሉ ኃላፊ እናሳውቅ አለችኝ። መጀመሪያ ይመኑን፣ በሚቀጥለው ጉብኝት እናነሳዋለን አልኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

እኛም ቤት ቁልፍ አለ። የእኛ ግን ሌላ ነው። እማ ስለደከመች ነው።

እሑድ 9

ወንድሜ ከእንቅልፉ ሲነሳ በርጩማ ልሥራ አለ። መዶሻውን በሁለት ጣትና በአውራ ጣቱ ያዘው። ሦስቴ አመለጠው። በአራተኛው ወረወረው፤ የሳሎኑ መስኮት ረገፈ። እማ ከወንበሯ ሳትነሳ «ተወው፣ መስታወት ነው» አለች።

እኔ ግን ያዝኩት። በተማርኩት መንገድ፣ አንጓውን አዙሬ ወደ ጀርባው። «ጣቴን» አለ። አልጮኸም። «ጣቴን፣ ጣቴን።»

«ልቀቂው» አለች እማ።

ለቀቅኩት። ስብርባሪውን ጠረግኩ። አንዱ መዳፌን ቆረጠኝ፤ ደግ አደረገ።

እማ ሾርባ እያማሰለች፣ ለሾርባው የምትናገር መስላ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ድሮ ጋሼ ነበር የምትይው።»

ትዝ አላለኝም ነበር። መቼ እንደተውኩት አሁንም አላስታውስም።

ማክሰኞ 11

በጥድፊያ እጽፋለሁ። ክፍል ውስጥ አንድ ታማሚ በርጩማ አነሳ፤ የተረኛው ነርስ አፍንጫ ተሰበረ። ሦስት ሆነው ጣሉት። ግድግዳው ጉልበቱን ጀርባው ላይ። ሚጢጢ አጠገቡ ተንበርክካ ሰከንድ ትቆጥራለች፣ ጮክ ብላ። ሠላሳ ስትደርስ «መተንፈስ አቅቶታል፣ ተነሳ» አለችው። ተነሳ። «አንቺ ልጅ አንድ ቀን ትሞቻለሽ» አላት። እንደ ምክር ነው የተናገረው።

ኮሪደር ላይ ከኋላዬ የሰማሁት፤ «የምታስተምረውንማ ጥሩ ታስተምራለች። የወንድሟን እጅ ማን እንደጎዳው የድንገተኛ ክፍሉን ጠይቁ።»

ዞር ስል ሁለት ነርሶች ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነባሉ። በሩ ይዞት ነው። ካርዱ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው።

ሐሙስ 13

የልብስ ሰፊው ሚስት ብቻዋን ወደ ሆስፒታል መጣች። ሳትቀመጥ ነው የተናገረችው።

«ልጁ ሲጮህ ባሌ ሜትሩን ያነሳል። እኔን ሲመታ ልጁን ይተዋል። ስለዚህ እኔን እንዲመታ አደርገዋለሁ። ምን ብዬ እንደማናድደው አውቃለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል።» ይህን ስትል ልትስቅ ምንም አልቀራት። «ብቻ ለማንም አትንገሩ። እሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ደክሞት ነው።»

ሚጢጢ ዛሬውኑ እንሂድ አለች። እኔ መዝገቡን አየሁ። የሚቀጥለው ጉብኝት ሰኞ ነው። ሰኞ እንሄዳለን አልኩ። ነገ የነርሶቹ ፈተና ስላለ ነው።

ስላለ ነው ብዬ ሰበብ ጻፍኩ። ይቅርታ ማንን እንደምጠይቅ ግልጽ አይደለም።

ሰኞ 17

ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ከሱቁ ሃያ እርምጃ ሲቀረን ጩኸቱን ሰማን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጁ የኋላውን በር ገንጥሎ ወጥቷል፤ ቁልፉ ከነማጠፊያው መሬት ላይ ነው። የስፌት መኪናውን አንስቶ ከሱቁ ግድግዳ ጋር አላትሞታል። ጎማው ገና ይሽከረከር ነበር። ልጁ መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ «አሁን ጥራኝ፣ አሁን ጥራኝ» ይለዋል። ጀርባውን ለአባቱ ሰጥቷል።

አባትየው ካውያውን አነሳ። ሽቦው ከሶኬቱ ሲነቀል አየሁ። ልጁ ትከሻ ላይ፣ ከአንገቱ ሥር፣ ጫነው። አልመታውም፤ ጫነው። እንደ ኮት። የሸተተኝን አልጽፍም። እናትየው ባሏ ጀርባ ላይ ተንጠለጠለች፤ በክርኑ ፊቷን መታት፣ ወደቀች፣ ተነስታ እንደገና ተንጠለጠለች።

ግድግዳው ሮጠ። ወደ አባትየው የሮጠ መስሎኝ ነበር። የያዘው አባትየውን ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሌላ ይሆን ነበር። እሱ ግን ወደ ልጁ ሮጠ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠሩት የሮጠው ወደ ታማሚው ስለሆነ እግሩ ሌላ መንገድ አያውቅም። የተቃጠለውን ልጅ ከኋላ ያዘ፣ እጁን ጠመዘዘ፣ መሬት ላይ ደፋው። እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ አንድ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ልጁ ዝም ብሎ አፉን ከፈተ።

ሚጢጢ አባትየው ፊት ቆመች። «አባባ፣ ካውያውን መሬት ላይ ያስቀምጡት» አለች፤ ሰሌዳ ላይ በጻፍኩት ድምፅ። ወረወረባት፤ አይ፣ አወናጨፈው፤ ክንዷን አገኛት። ጥርሷን ነክሳ ያንኑ ቃል ደገመችው። «መሬት ላይ ያስቀምጡት። ልጅዎ ተቃጥሏል። ይዩት።»

አየው። አስቀመጠው። ከዚያ እንደ ሕፃን ቁጢጥ አለ።

እኔስ? እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መቃኑን ይዤ። ስድስት ነርስ የማሠለጥን ሴት፣ አንድ እግሬ እንኳን ደፉን አላለፈም።

ማክሰኞ 18

የልጁ ክንድ ከክርኑ በላይ ተሰብሯል። ቃጠሎው ጥልቅ ነው።

ኃላፊዋ ቢሮዋን ዘጋችና ወንበር ሰጠችኝ። «ነርሳችን ሰበረው ከተባለ ስልጠናው ዛሬ ይዘጋል። አርባ ቤተሰብ ተመዝግቦ ይጠብቃል። ሲያረጋጉት ወድቆ ነው በይ።»

ጻፍኩ። «ሊያረጋጉት በሞከሩበት ወቅት ታማሚው ወድቆ።» ብዕሩ አላስቸገረኝም። ግድግዳው አቀርቅሮ ፈረመ። ሚጢጢ ክንዷ እንደተጠቀለለ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው።

«አልወደቀም» አለች።

«አርባ ቤተሰብ ማለት ስንት ሰው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ሲስተር፣ አልወደቀም።»

ውጪ አልኳት። ጮክ ብዬ።

ረቡዕ 19

ልጁን ልጠይቀው ቀዶ ሕክምና ክፍል ሄድኩ። ደህናውን እጁን ከአልጋው ብረት ጋር አስረውታል። ፈትቼው ተቀመጥኩ።

«የሰበረኝ ሰውዬ እዚሁ ነው የሚሠራው?» አለኝ። አእምሮው ጥርት ብሎ ነበር።

«ወድቀህ ነው» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

 «እናንተ ድምፆቹ ይዋሻሉ ትሉኛላችሁ» አለ። «እነሱ እንኳን ወደቅህ አላሉኝም።»

ዓርብ 21

ከሰዓት በኋላ ለእማ የልብስ ሰፊውን ቤት ነገር አወራኋት። ስለ አባትየው ጨካኝነት ብዙ ተናገርኩ። አዳመጠችኝ፣ ባቄላ እየለቀመች። ስጨርስ ቀና አላለችም።

«አንቺ በሩን ስትዘጊ እዚያ ነበርኩ» አለች።

ምን ማለትሽ ነው አላልኳትም። እሷም አልደገመችውም። አሁን ሁለቱም ተኝተዋል፤ መብራቱን ወደ እኔ አዙሬ እጽፋለሁ።

ያኔ ወንድሜ ሦስት ቀን አልተኛም ነበር። መድኃኒቱን ተፍቶታል። ጠዋት እማን በጥፊ መታት፤ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጭታ ወደቀች። ከሥራ ገና መግባቴ ነው፣ ዩኒፎርሜን አላወለቅኩም። ገፍቼ ወደ ግቢው አስወጣሁት። ሊመለስ ፈለገ። ቀኝ እጁን መቃኑ ላይ አደረገ። በደረቱ አልገፋም፣ አልተሳደበም፤ «እማን ልያት» አለ።

እጁን አየሁት። ይህን ነው መጻፍ ያቃተኝ። መዶሻና መላጊያ ያወፈራቸውን አራት ጣቶች አየሁ፣ ከዚያ በሩን ዘጋሁት። አልገጥም ሲል በትከሻዬ ተደገፍኩት። ሲጮህም ትከሻዬን አላነሳሁም። ስንት ሰከንድ እንደሆነ የቆጠረ የለም።

በሩ ይዞት ነው አልኩ፤ ለድንገተኛ ክፍሉ፣ ለጎረቤት፣ ለዚህ ደብተር። በር ግን አይዝም። የሚይዝ ሰው ነው።

ሰኞ 24

ጠዋት ኃላፊዋ ጋ ገብቼ አዲስ ሪፖርት ሰጠኋት። ማን እንደያዘ፣ ማን እንደሰበረ፣ ማን ሐሙስ እያወቀች ሰኞን እንደጠበቀች፣ ማን በር ላይ ቆማ እንዳየች። አንብባ ስትጨርስ «ራስሽን ነው የገደልሽው» አለችኝ። «እኔንም ጨምረሽ።»

ከዚያ ስድስቱ ፊት ቆምኩ። ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው። በሩን የተደገፍኩበትን ትከሻዬንም አልተውኩም። 

መጀመሪያ የተናገረው ግድግዳው ነው፤ ወለሉን እያየ። «በአሥራ አንድ ዓመት ስንት ሰው እንደያዝኩ አላውቅም። ያዝ ብለው አስተማሩኝ። ልቀቅ ያለኝ እስካሁን አንድ ሰው ነው» አለና በአገጩ ወደ ሚጢጢ ጠቆመ። ተነስቶ ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት ልጁ ወዳለበት ክፍል ሄዶ፣ ከበሩ ሳያልፍ፣ «የሰበርኩህ እኔ ነኝ፤ አልወደቅክም» ብሎታል። ልጁም «አውቃለሁ፣ ሂድ» ብሎታል።

ሚጢጢ ስታልፍ አላናገረችኝም። ይገባኛል።

ሐሙስ 27

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ግድግዳው ከሥራ ታግዷል። እኔ ከስልጠናው ተነስቼ ወደ ክፍል፣ በተራ ነርስነት፤ የወንድሜ ጉዳይ ደግሞ ገና ይጣራል። ስልጠናው አልተዘጋም። ከሌላ ሆስፒታል አንድ አሠልጣኝ መጥቷል፤ ቤተሰቦቹን የምትይዘው ሚጢጢ ናት።

የልብስ ሰፊው ሚስት ለፖሊስ ቃሏን ሰጠች። ሚጢጢ አብራት ሄዳ ነበር። ሴትየዋ «መታኝ» የሚለውን ቃል ለማውጣት ሩብ ሰዓት ፈጅቶባታል አሉ። አሁን ከልጇ አልጋ አጠገብ ናት፤ ሲወጣ ወደ እህቷ ቤት ይዛው ትሄዳለች። ልብስ ሰፊው ታስሯል። ስለ እሱ ሳስብ ልጠላው እሞክራለሁ። አልቻልኩም፤ ፊቱ የማውቀው ፊት ነው።

እሑድ 30

ወንድሜ ሰሞኑን ደህና ነው። መርፌው ይዞታል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«በሩን ሆን ብዬ ነው የዘጋሁት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «እጁ የኔ ነው እኮ።»

ይቅር ቢለኝ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ቢረግመኝም የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ጉልበቱን አሻሸ።

«ድምፆቹን ለምጃቸዋለሁ» አለ። «ሲመጡም ሲሄዱም አውቃቸዋለሁ። የአንቺን የእግር ኮቴ ስሰማ ግን ሰውነቴ ይደነግጣል። ሌላ ቤት ብትኖሪ ይሻለኛል።»

«እማስ?»

«እማ ከእኔ ጋር ትሆናለች። ባለፈው የመጣችው አጭሯ ነርስ ረቡዕ ረቡዕ እመጣለሁ ብላለች።»

ሚጢጢ እዚህ መጥታ እንደነበር አላወቅኩም። እማን አየኋት። መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ ልብስ ታሰጣ ነበር።

ሐሙስ 4

እማና ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተሰቦቹ ስብሰባ ገቡ። እኔ እንድገባ አልተፈቀደልኝም፤ ለሥራ ባልፍበት በመስኮቱ አየኋቸው። የልብስ ሰፊው ሚስት ከእማ አጠገብ ተቀምጣለች። ሚጢጢ ሰሌዳው ጋ አልቆመችም፤ ክብ ሠርተው መሐላቸው ናት።

ማታ እማ እንደነገረችኝ፣ ሚጢጢ ወንድሜን ሰዎች ምን ቢያደርጉልህ ትወዳለህ ብላ ጠየቀችው። «አትጩሁብኝ» አለ አሉ፤ «የሚጮሁብኝ ይበቁኛል።» አንድ ሽማግሌ አባት ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ወንድሜም።

«ሳቀ?» አልኳት።

«ጥርሱ እስኪታይ» አለች። ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም። የኋለኛው ክፍል ቁልፍ ከቦታው የለም፤ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ 6

ከሆስፒታሉ ጀርባ አንዲት ክፍል አገኘሁ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት።

አንድ ሻንጣና ሁለት ካርቶን ጠቀለልኩ። እማ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ፤ አቅፋኝ ረጅም ጊዜ ቆየች፣ ከዚያ ጀርባዬን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ለቀቀችኝ። ታክሲው መንገዱ ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ሻንጣውን ላነሳ ስል ወንድሜ መጥቶ በግራ እጁ አነሳው። ተወው፣ ከባድ ነው አልኩት።  ሁለት እርምጃ ቀድሞኝ ተራመደ። እኔም ሁለቱን እርምጃ ጠበቅኩለት።

ሻንጣውን ከኋላ ጫነና ክዳኑን ራሱ ዘጋው። ከዚያ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያየ፣

«ማክሰኞ ነይ» አለ። «በቀን። እማ ባለችበት።»

«ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት። አንድ ሰዓት ቆይተሽ ትሄጃለሽ።»

እሺ አልኩት። ታክሲው ውስጥ ገብቼ መዳፌ ላይ ጻፍኩት፤ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት።